በሩ ላይ የተጻፈው

ሰው «ሠዓሊው» እያለ ይጠራኛል እንጂ ሥዕል የሚባል ነገር አልችልም። ፈረስ ሣል ብትሉኝ አህያ እንኳን አይወጣልኝም። የእኔ ሥራ ፊደል ነው። የሱቅ ስም፣ የመድኃኒት ቤት መስኮት፣ የጭነት መኪና ጎን፣ «እዚህ ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው»። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ መሰላል ላይ ቆሜያለሁ። ወገቤን የቆረጠኝ ግን መሰላሉ አይደለም፤ ልጄ ናት። ይህን ስል ብትሰማኝ ትጣላኛለች፣ ስለዚህ በመሀላችን ይቅር።

ቤት ውስጥ «ዳኛዬ» ነው የምንላት። ገና በአራት ዓመቷ እኔና እናቷ ስንጨቃጨቅ መሀል ትገባና «አሁን እሷ ትናገር፣ አንተ ቆይ!» ትለኝ ነበር። ከተወለደች ጀምሮ እግሮቿ አይታዘዟትም። አፏ ግን የእግሯንም ድርሻ ይሠራል። እናቷ ዳቦ ቤት ስለምትሠራ ጎህ ሳይቀድ ነው የምትወጣው። ልጅቷን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ዊልቸሯን እየገፉ ትምህርት ቤት ማድረስና ከሰዓት መመለስ የእኔ ነው። መንገዱ ላይ አሥራ አንድ ቦታ ዊልቸሩን ከነእሷ ማንሳት አለብኝ። ሁለት ቦይ አለ፣ አንድ ክዳኑ የተሰበረ ጉድጓድ አለ፣ የቀረው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ነው። ድሮ አፈፍ አድርጌ ነበር የማነሳት። ዘንድሮ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት፤ እኔም ያው እንደምታዩኝ ነኝ።

አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ሦስተኛ ክፍል ነበረች። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ውይ፣ አእምሮዋም ነው እንዴ?» ይለኛል። ደሜ ይፈላል! አእምሮዋማ ከእኔና ከአንተ ተደምሮ ይበልጣል እለዋለሁ። ከዚያ ግን ለምን ሦስተኛ ክፍል እንደቆየች ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። እሱን ማስረዳት ደግሞ ራሴን መክሰስ ነው።

ትምህርት ቤቱ አንድ ፎቅ አለው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉት ታች ናቸው፣ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ላይ። መሀላቸው ሃያ ሁለት ደረጃ አለ፣ ጠባብና መሀሉ ላይ የሚታጠፍ። ዳኛዬ መጀመሪያ ሦስተኛ ክፍልን ስትጨርስ ከሃምሳ ስምንት ልጆች ሁለተኛ ወጣች። አራተኛ ክፍል በገባች ጊዜ ጠዋት ጠዋት በጀርባዬ አዝዬ ሽቅብ አወጣኋት፣ ሲለቀቁ አወረድኳት። በመሀሉስ? እኔ ከተማው ሌላ ጫፍ መሰላል ላይ ነኝ። መጸዳጃ ቤቱ ግቢው ውስጥ ታች ነው። በስምንተኛው ቀን ትኩሳት ይዟት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ልጅቷ ውኃ አትጠጣም እንዴ አለኝ። ዘወር ብዬ ሳያት «ሽንቴ እንዳይመጣ ነዋ» አለችኝ፤ ይህ እንዴት ይጠፋሃል በሚል ዓይን።

በዚያው ሳምንት ዳይሬክተሯ ጠሩኝ። ወረቀት አዘጋጅተው ነበር።

«ወላጅ፣ ለልጅቷም ለእርስዎም የሚሻለው ታች መሆኗ ነው» አሉኝ። «ሕንፃው እስኪስተካከል ሦስተኛ ክፍል ትቆይ። ለዘንድሮ ብቻ።»

መሰላሌን በራቸው ላይ አስደግፌዋለሁ፣ የማደርሰው ሥራ አለ፣ ወገቤ ቁርጥ ቁርጥ ይለኛል። ሳላነበው ፈረምኩ። በፊደል የማድር ሰው የልጄን ወረቀት ሳላነብ! ማታ ቤት ውስጥ ያነበበችልኝ እሷ ናት። «ወላጅ በራሱ ጥያቄ ልጁ ክፍል እንድትደግም በመፈለጉ» ይላል። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ «አባዬ፣ አንተ ነህ እንዴ የጠየቅከው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

በሁለተኛው ዓመት አንደኛ ወጣች። ታዲያ ምን ልትወጣ ነበር? ትምህርቱን ከነጥያቄው በቃሏ ታውቀዋለች። የሦስተኛ ክፍል መምህሯን ልጆቹ «እትዬ ጉልበቴ» ነው የሚሏቸው፤ በተነሱና በተቀመጡ ቁጥር «ወይ ጉልበቴ!» ስለሚሉ። እሳቸውም ዳኛዬን በጣም ወደዷት። ማንበብ የሚያስቸግራቸውን ልጆች እሷ ጎን ያስቀምጡና ታስነብባቸዋለች፤ ደብተር ታርምላቸዋለች። «ረዳቴ ናት» ይሉኛል በኩራት። ልጄን ተማሪ ትሁን ብዬ ነበር የላክኋት፣ ይሁን።

ዓመቱ ሲያልቅ ያው ወረቀት መጣ። ይኼኛውን አንብቤዋለሁ። ምን እንደሚል ቃል በቃል አውቄ ነው የፈረምኩት። ለምን አትሉኝም? ደክሞኝ ነዋ! ሌላ ምክንያት የለኝም። ሃያ ሁለቱን ደረጃ፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ ትኩሳቱን አሰብኩና እጄ ራሱ ፈረመ። ያን ዕለት ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ብሩሽ አጠብኩ። ብሩሾቹ ንጹሕ ነበሩ። አንድ ሰው ንጹሕ ብሩሽ የሚያጥበው ፊቱን የሚደብቅበት ሲያጣ ነው። አለቀስኩ። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር፤ የእሷ መስኮት ወደዚያው ግቢ መሆኑ ትዝ አላለኝም።

ይኸውላችሁ፣ በሦስተኛው ዓመት ካርዷ ሲመጣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የማጠቃለያ ፈተናው ሁሉ ዜሮ። ሒሳብ ዜሮ፣ ቋንቋ ዜሮ፣ ሳይንስ ዜሮ። ወድቃለች። ሁለት ዓመት ሌላውን ልጅ ስታስጠና የኖረች ልጅ!

አበድኩ። ጮኽኩባት። «ለዚህ ነው ወገቤ የተቆረጠው? ለዚህ ነው በየቦዩ የማነሳሽ?» አልኳት። ያልኩትን ከአፌ መልሼ ብውጠው ደስ ባለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንዷን ቃል ሳትፈርድባት አታልፍም ነበር። ያን ቀን ግን ጭጭ አለች። እናቷ ከሥራ ስትመለስ ሁለታችንንም አይታ «እዚህ ቤት ሰው ሞቷል እንዴ?» አለች።

በሳምንቱ «ወላጅ ይቅረብ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ልጅቷንም ይዤ ሄድኩ፤ የት ላስቀምጣት? ዳይሬክተሯ ክፉ ሰው አይደሉም። እሳቸውም የደከማቸው ሴት ናቸው፤ የመነጽራቸው አንዱ ክንድ በክር ታስሯል፣ ጠረጴዛቸው ላይ የወረቀት ክምር አለ። እትዬ ጉልበቴ አጠገባቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ወላጅ ይቀመጡ» አሉ ዳይሬክተሯ። አፋቸው ከበዳቸው። «እንግዲህ ደንቡ አንድ ተማሪ አንድን ክፍል ከሁለት ጊዜ በላይ መድገም አይፈቀድለትም ይላል። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ደግማለች። አሁን ደግሞ ወድቃለች። ስለዚህ...»

«ስለዚህ ምን?» አልኳቸው።

«ስለዚህ ትሰናበታለች። ቤት ሆና አንድ የእጅ ሙያ ብትማር...»

ጆሮዬ ጭው አለ። «የቱን ሁለት ጊዜ ነው ደገመች የሚሉት? ሁለተኛ የወጣችበትን ነው ወይስ አንደኛ የወጣችበትን?»

«ወረቀቱ ላይ የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

እውነታቸውን ነው። ምን ብዬ ልከራከር? አንገቴን ደፋሁ። ያኔ ዳኛዬን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። መሰናበት የሚባል ነገር እንዳለ አታውቅም ነበር። ሁለት እጇ የዊልቸሩን ጎማ ጨምቆ ይዟል።

«ፈተናውን አሁን ስጡኝ» አለች።

«የትኛውን ፈተና?» አሉ ዳይሬክተሯ።

«ሁሉንም። እዚሁ ልሥራው።»

ዳይሬክተሯ ወደ እትዬ ጉልበቴ ዞሩ። እትዬ ጉልበቴ ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ «ወይ ጉልበቴ!» እያሉ ተነስተው ከቁም ሣጥኑ የተረፈ የፈተና ወረቀት አመጡ። ልጄ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተጠግታ ሠራች። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን ሳይ፣ ዳይሬክተሯ ወረቀት ሲያገላብጡ፣ ሒሳቡን ጨርሳ ገፋችው። ቋንቋውን ጨረሰች። ሳይንሱን ጨረሰች። ሰዓቴን ሳይ ለሦስቱም አንድ ሰዓት አልሞላትም። እትዬ ጉልበቴ ቀይ እስክሪብቷቸውን አውጥተው አረሙ። መጀመሪያ እየፈጠኑ፣ በኋላ እየዘገዩ። ሦስቱንም ወረቀት አንድ ላይ አድርገው ለዳይሬክተሯ አቀበሉና «አንድ ነው የሳተችው» አሉ ቀስ ብለው።

«አልሳትኩም» አለች ዳኛዬ። «ጥያቄው ነው የተሳሳተው። ባለፈው ዓመትም ነግሬዎታለሁ።»

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ እያወቅሽ ለምን ባዶ ወረቀት አስረከብሽ?»

ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ተከለች። ወደ እኔ አላየችም።

«ተናገሪ እንጂ የኔ ልጅ» አሏት እትዬ ጉልበቴ።

«ካለፍኩ አባዬ ደግሞ ይፈርማል» አለች። «ከፈረመ ደግሞ ግቢ ውስጥ ይቀመጥና ንጹሕ ብሩሽ ያጥባል። ራሴ ከወደቅኩ ግን እሱ መፈረም የለበትም።»

ወይ ጉዴ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይህን ሁሉ ዓመት የምሸከማት እኔ ነኝ እያልኩ ለሰው ስናገር፣ የተሸከመችኝ እሷ ኖራለች። እጄን ዊልቸሯ መደገፊያ ላይ አድርጌ ቆምኩ።

ዳይሬክተሯ በክር የታሰረውን መነጽራቸውን ጠረጉ፣ አደረጉት፣ መልሰው አወለቁት።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ድጋሚ ተፈትና አልፋለች ብለን መዝግበን እንጻፍላት። ግን ወላጅ፣ ነገሩ ያው ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ዞረን ዞረን እዚያው ደረጃ ሥር ልንቆም ነው።»

«አራተኛ ክፍል ይውረዳ!» አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት፤ ሁለት ዓመት ልለው ሲገባኝ ያላልኩትን።

«አይቻልም። የክፍሎቹ ድልድል በመመሪያ ነው።»

«የት ተጽፏል?» አለች ዳኛዬ።

ዳይሬክተሯ ሊቆጧት አስበው ነበር መሰለኝ። ከዚያ ግን ተነሱ። ቁም ሣጥኑን ከፈቱ። አንድ ፋይል አወጡ፣ አራገፉት፣ ሌላ አወጡ። እትዬ ጉልበቴ «እዚያ ታችኛው ውስጥ እይው እስቲ» አሏቸው። ታችኛው ውስጥ አሮጌ የቀለም ጣሳና የተሰበረ ግሎብ ነው ያለው። ዳይሬክተሯ አቧራ ለብሰው ቀና አሉ።

«በሩ ላይ ተጽፏል እኮ!» አሉ። «ስመጣ እንዲሁ ነው ያገኘሁት። ከእኔ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ነው ያገኙት። አንደኛ ሀ፣ አንደኛ ለ እያለ በተርታ።»

በሩ ክፍት ነበር። ከቆምኩበት ሆኜ ፊት ለፊት ያለውን የመማሪያ ክፍል በር አየሁት። «ሦስተኛ ሀ» ይላል፤ በሰማያዊ ዘይት ቀለም፣ የ«ሀ» አንዱ እግር ላይ ቀለም ፈስሶ ደርቋል። ያን የፈሰሰ ቀለም አወቅኩት፤ በየጠዋቱ ሳልፈው ልብ ያላልኩትን። ሳቄ መጣ። ሳቅ ነው ወይስ ሌላ ነገር እኔም አላውቅም፤ ዳይሬክተሯ ግን ያበድኩ ነው የመሰላቸው።

«እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ምን?»

«የበሮቹን ጽሑፍ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። እናቷ እሷን አርግዛ በነበረች ጊዜ። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር በወረቀት የክፍሎቹን ዝርዝር ሰጡኝና ‹ከፈለግህበት ጀምር› አሉኝ። የትኛው ላይ፣ የትኛው ታች ይሁን ያለኝ ሰው የለም። ፀሐይ ነበር። ታችኛዎቹ በሮች ጥላ ነበራቸው። እኔም መሰላልና ጣሳ ተሸክሜ ፎቅ መውጣት ሰንፌ ከታች ጀመርኩ። አንደኛ ሀ ብዬ። መመሪያው እሱ ነው፤ የእኔ ስንፍና!»

ማንም አልሳቀም። ዳኛዬ ብቻ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። በዓይኗ እየፈረደችብኝ ነበር፤ ፍርዱ ምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።

«ሦስተኛ ሀ ላይ ይውጣ፣ አራተኛ ሀ እዚህ ይውረድ» አልኩ። «በር ብቻ ነው የሚቀየረው። ቀለሙም ጉልበቱም የእኔ ነው።»

«እንዴ! የእኔስ ጉልበት?» አሉ እትዬ ጉልበቴ። «በዚህ ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ደረጃ?»

ቀይ እስክሪብቷቸው ገና እጃቸው ላይ ነው። ያረሙትን ወረቀት መልሰው አዩት፣ ከዚያ ልጅቷን አዩ። ሁለት ዓመት ደብተር ያረመችላቸውን ልጅ። «ቀስ እያልኩ እወጣዋለሁ እንግዲህ» አሉ። ደስ ብሏቸው አልነበረም፤ እኔም ደስ ይበላቸው አላልኩም።

ዳይሬክተሯ የወረቀት ክምራቸውን ወደ ጎን ገፉ። «ለዘንድሮ ብቻ» አሉ።

ትምህርት ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው ቀለሜን ይዤ ሄድኩ። ዳኛዬም አብራኝ መጣች፤ ቤት ቅሪ ብላት የት ትሰማኛለች። አሮጌውን ጽሑፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ዘይት ቀለም ነው፣ እንቢ አለ። ሁለት ጊዜ ነጭ ደረብኩበት፤ አሁንም ጠጋ ብሎ ላየው «ሦስተኛ» ከሥር ይታያል። በላዩ ላይ «አራተኛ ሀ» ብዬ ጻፍኩ።

«‹ራ›ው ተንጋዷል» አለች ከዊልቸሯ ላይ ሆና።

«አልተንጋደደም።»

«ተንጋዷል። ወደኋላ ሂድና እየው።»

ወደኋላ ሄጄ አየሁት። ተንጋዷል። አጥፍቼ ደግሜ ጻፍኩት። ከዚያ ጣሳውን ይዤ ሃያ ሁለቱን ደረጃ ወጣሁና የላይኛውን በር «ሦስተኛ ሀ» አደረግኩት። ስመለስ በሩን ገፍታ ገብታ መሀል ክፍሉ ላይ ዊልቸሯን አቁማ አገኘኋት። ቀና ብላ ጣሪያውን ታያለች።

«ክፍሉ ያው ነው» አለች። «መስኮቱም ያው፣ ሰሌዳውም ያው። አራተኛ ዓመቴን እዚሁ ልቀመጥ ነው።»

«በሩ ግን ሌላ ነው» አልኳት።

«በሩም ያው ነው አባዬ። ቀለሙ ነው ሌላ።»

ልክ ናት። የሚያደክመኝም እሱ ነው። ሁለት ዓመት የባከነባት በአንድ ጣሳ ቀለም ነው። አብረዋት የጀመሩት ልጆች ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ናቸው፤ ጭንቅላቷ ላይ ባለው ፎቅ ሲሮጡ ትሰማቸዋለች። ከርሞ አምስተኛ ክፍል አለ፣ እሱም ላይ ነው። ዳይሬክተሯ «ለዘንድሮ ብቻ» ብለዋል፤ ይህችን ቃል አውቃታለሁ። ብሩሼን ጠቅልዬ አላስቀመጥኩትም።

በመክፈቻው ቀን ግቢው በሰው ጢም ብሏል። ዳይሬክተሯ ኮሪደሩ ላይ ጠረጴዛ አውጥተው ወላጅ ያስፈርማሉ። ተራዬ ሲደርስ ወረቀቱን አዙረው አቀረቡልኝና ጣታቸውን ከታች ያለው መስመር ላይ አደረጉ። ያው መስመር ነው፣ ሁለት ጊዜ የፈረምኩበት። እስክሪብቶውን አነሳሁ።

ትንሽ እጅ እጄ ላይ አረፈች።

«መጀመሪያ አንብበው» አለች ዳኛዬ።

«አንብቤዋለሁ የኔ እናት።»

«አላነበብክም። ጮክ ብለህ አንብበው።»

ከኋላዬ ያሉት ወላጆች ማጉረምረም ጀምረዋል። አንዱ «ኧረ ወንድም፣ ሥራ አለን!» አለኝ። አልዞርኩም። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ያዝኩና ከላይ ጀመርኩ። የትምህርት ቤቱን ስም አነበብኩ። የቅጹን ቁጥር አነበብኩ። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ዕድሜዋን አነበብኩ። «ከሦስተኛ ክፍል ወደ አራተኛ ክፍል» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

እጇን አላነሳችም። ጠበቀችኝ።

«ተዛውራለች» አልኩ።

«ቀጥል» አለች። «ማኅተሙ ጋ አልደረስክም።»

እስከ ማኅተሙ አነበብኩላት። ከዚያ እጇን አነሳችና ፈረምኩ።